ስለ ዶ/ር አክሊሉ ለማ የምታውቁትን ጣሉልኝ (ለልጄ የትምህርት ቤት ሥራ ነው)

አባ ሄለን
ሰላም ለዚህ ቤት። የምንኖረው ሜሪላንድ ነው፣ ልጄ ዘጠነኛ ክፍል ናት። መምህሯ ከሌላ አገር መጥቶ በሕክምና ሳይንስ ሥራ የሠራ፣ ሕዝብም ያገለገለ ሰው መርጣችሁ አቅርቡ ብላቸዋለች። ከሰጠቻቸው ስሞች ውስጥ ካታሊን ካሪኮ አለችበት፣ የኮቪድ ክትባት የተሠራበት የኤምአርኤንኤ ተመራማሪ ሃንጋሪያዊት። ጎበዝ ናት፣ ምንም አልልም። ግን ግማሹ ክፍል እሷን ነው የሚያቀርበው፤ እኔ ደግሞ የኛ ሰው ቢሆን ደስ ይለኛል። ወዲያው የመጡልኝ ዶ/ር አክሊሉ ለማ ናቸው፣ የእንዶዱ። የተማሩት እዚሁ ባልቲሞር ጆንስ ሆፕኪንስ ስለሆነ ለልጅቷም ቅርብ ይሆንላታል። ችግሩ እኔ ከ"እንዶድ ቀንድ አውጣ ይገድላል" ያለፈ ነገር የለኝም። በዘጠነኛ ክፍል የሳይንስ መጽሐፋችን ላይ የነበረው አንድ አንቀጽ ነው የቀረኝ። እባካችሁ ሥራውን የምታውቁ ሰዎች አስረዱኝ፣ እኔ ቁጭ ብዬ ለእሷ ላስረዳት።

ካቶካትዝ
ጋሼ፣ ጥሩ መርጠዋል። እኔ የላብራቶሪ ሰው ነኝ፤ ጣና ዳር ጤና ጣቢያ ስሠራ ከወባ ቀጥሎ በዓይኔ የለመድኩት ነገር ቢልሃርዚያ የሚባለው የትል በሽታ ነው።

መጀመሪያ በሽታውን ታስረዳ፣ አለበለዚያ እንዶዱ ትርጉም አይኖረውም። የታመመ ሰው ወንዝ ዳር ሲጸዳዳ የትሉ እንቁላል ውሃ ውስጥ ይገባል። እንቁላሉ ይፈለፈልና የምትወጣው ጥቃቅን ነገር ቀንድ አውጣ ካላገኘች ትሞታለች። ካገኘች ግን ቀንድ አውጣው ውስጥ ገብታ ትራባለች፣ ከአንዷ በሺህ የሚቆጠሩ ይወጣሉ። እነዚያ ናቸው ሰው ውሃ ውስጥ ሲቆም ቆዳውን በስተው የሚገቡት። ልብስ የምታጥብ እናት፣ የሚዋኝ ልጅ፣ መስኖ ላይ የሚውል ገበሬ፣ ሁሉም እግሩ ውሃ ውስጥ ነው። ትሉ ሰውነት ውስጥ ዓመታት ይኖራል። እንቁላሉ ጉበት ላይ እየቀረ ሆድን እንደ ከበሮ የሚነፋው ቆይቶ ነው።

ምርመራው ቀላል ነው፣ ለልጅቷ ፎቶ ቢኖራት ጥሩ ነበር። ሰገራው በጥቃቅን ወንፊት ይጠለላል። ቀዳዳ ባላት ፕላስቲክ 41.7 ሚሊግራም ተለክቶ ስላይድ ላይ ይቀመጣል። በግሊሰሪንና በአረንጓዴ ቀለም የተነከረ ሴሎፌን ይደረግበትና ተገልብጦ ይጫናል። ከዚያ በማይክሮስኮፕ እንቁላሉን ትቆጥራለህ፣ በ24 ታባዛለህ፣ የአንድ ግራም ቁጥር ይሰጥሃል። ማንሶኒ የሚባለው የቢልሃርዚያ ትል እንቁላል ጎኑ ላይ እሾህ አለው፣ አንዴ ያየ አይረሳውም። የትምህርት ቤት ልጆችን ስንመረምር አንዳንዱ ስላይድ ላይ ቆጥሬ ስለማልጨርሰው ሻይ ጠጥቼ እመለሳለሁ።

እንግዲህ ሰንሰለቱን የት ትቆርጠዋለህ ነው ጥያቄው። ሰውየውን ማከም፣ ሽንት ቤት መሥራት፣ ወይም ቀንድ አውጣውን መግደል። አክሊሉ የገባው በሦስተኛው በኩል ነው።

የአድዋዋ
ካቶካትዝ እጅህ ይባረክ። እኔ ደግሞ ስለ እንዶዱ ልጨምር፣ ያደግኩት አድዋ ነው።

እንዶድ ቁጥቋጦ ነው፣ ፍሬው እንደ ትንሽ የወይን ዘለላ ተንዠርግጎ ይወርዳል። ፍሬው ደርቆ ይቀመጣል። ለአውዳመት ነጭ ልብስ ሲታጠብ ይወቀጣል። ሲወቀጥ አፍንጫህን ሸፍን፣ አለበለዚያ ስታስነጥስ ነው የምትውለው። አያቴ ዱቄቱን ውሃ ውስጥ ዘፍዝፋ በእጇ ስትመታው ያ አረፋ ከጎድጓዳው ሳህን ይፈስ ነበር። ጋቢው ላይ አፍስሳ ድንጋዩ ላይ በእግሯ ትረግጠዋለች። ኦሞ የሚባለውን ዱቄት ሰፈር ውስጥ ቢኖርም ለነጠላና ለጋቢ አትነካውም፣ ጥለቱን ያደበዝዘዋል ትላለች።

ዶ/ር አክሊሉ እ.ኤ.አ. በ1964 እኛ ከተማ የመጣው ቀንድ አውጣዎቹን ሊያጠና ነው። ሴቶች ልብስ ከሚያጥቡበት ወረድ ብሎ ብዙ የሞተ ቀንድ አውጣ አየ። ከፍ ብሎ ሲሄድ ግን በሕይወት አሉ። ከዚያ ከወንዙ ሕያው ቀንድ አውጣ በዕቃ ሰብስቦ አንዷን ሴትዮ ከአረፋሽ ጨምሪልኝ አላት። ጨመረችለት፣ ሞቱ። ግኝቱ በቃ ይኼ ነው። ሌላ ሰው ቢሆን እግሩን አጥቦ ያልፍ ነበር።

የሴትየዋን ስም ማንም አልጻፈውም። ይኼ ሁሌ ያናድደኛል።

ዝም አልልም
ሁላችሁም ታሪኩን እንደ ተረት ነው የምታወሩት። እሺ፣ በ1964 ተገኘ። ዛሬ ስንት ዓመት ሆነው? ሐይቅ፣ ዝዋይ፣ ሐዋሳ፣ ጣና ያለው ልጅ አሁንም ደም እያስቀመጠው ነው። ሰውየው ደግሞ ተምሮ መጣ፣ ትንሽ ቆየ፣ ከዚያ ወጥቶ የተባበሩት መንግሥታት ደሞዝ እየበላ ፍሎረንስ ጣልያን ኖረ። የመምህሯ ጥያቄ ማኅበረሰብ ያገለገለ ነው የሚለው። የትኛውን ማኅበረሰብ? ይቅርታ ግን ጀግና ስንፈልግ ያገኘነውን እናነግሣለን። አባ ሄለን፣ ዶ/ር ሰናይት ፍስሃን ያቅርቡ፣ ሐኪምም ጠበቃም ናቸው፣ ሚሺጋን ዩኒቨርሲቲ ሆነው ጳውሎስ ሆስፒታልን ያገዙ።

ካቶካትዝ
ዝም አልልም፣ ዶ/ር ሰናይት ጥሩ ምርጫ ናቸው፣ አልከራከርም። ግን "ትንሽ ቆየ" ያልካት አታስኬድም።

ሰውየው እ.ኤ.አ. በ1964 ዶክትሬቱን ከጆንስ ሆፕኪንስ ይዞ ተመለሰ፣ በ1966 የፓቶባዮሎጂ ኢንስቲትዩትን አቋቋመ። ዛሬ አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ስር በስሙ የሚጠራው ነው። እኔ የተማርኩባቸው መምህራን ግማሾቹ የዚያ ቤት ውጤት ናቸው። ሊሽማኒያ ላይም ሠርቷል፣ የደጋውን የቆዳ ቁስል፣ ሕዝቡ ቁንጭር የሚለውን።

አድዋ ላይ ደግሞ አይቶ ብቻ አልሄደም። ከ1969 እስከ 1974 ለአምስት ዓመት እዚያው አካባቢ በተሰበሰበ እንዶድ ወንዞቹን አከሙ። ከ1 እስከ 6 ዓመት ባሉ ሕፃናት ላይ በሽታው ከ50 ከመቶ ወደ 7 ከመቶ ወረደ። በጠቅላላው ሕዝብ ከ63 ወደ 33። ለምን ሕፃናቱን ለይተው አዩ ብትለኝ፣ ትልቁ ሰው የድሮ ትል ይዞ ነው የሚመጣው፣ ቀንድ አውጣ ብትገድልለትም ሆዱ ውስጥ ያለው አይወጣም። አዲስ መያዝ ቆመ ወይስ አልቆመም የሚነግርህ ከሙከራው ጋር አብሮ ያደገው ሕፃን ነው። እኔ ይኼን ጥናት ሳነብ በጣም የወደድኩት ይቺን ነው።

ጎንደሬው በስቶክሆልም
እኔ ስለ ፍሎረንሱ ልመልስ። ዩኒሴፍ ፍሎረንስ ላይ የሕፃናት ጥናት ማዕከል አለው፣ ዶ/ር አክሊሉ እዚያ ምክትል ዳይሬክተር ነበሩ። እውነት ነው፣ አገር ቤት አልነበሩም። ግን ውጭ የኖሩት እንዶድን ጥለው አይደለም። እንደውም ውጭ ሆነው ነው ዋናውን ጭቅጭቅ የጨቀጨቁት።

ነገሩ እንዲህ ነው። ያኔ ዓለም የሚያውቀው የቀንድ አውጣ መድኃኒት የባየር ኩባንያው ባይሉሳይድ ነበር። ውድ ነው፣ በውጭ ምንዛሪ ነው የሚገዛው። አክሊሉ ሄደው "ይኼውላችሁ፣ ቁጥቋጦ ነው፣ እናቶች አጥር ስር ይተክሉታል" አሉ። የዓለም ጤና ድርጅት ሰዎች መርዛማነቱ በደንብ አልተመረመረም አሉ። እሺ ይመርመር ሲባል ገንዘብ የለም። ምርመራው ደግሞ እነሱ የሚቀበሉት ደረጃ ባለው ላብራቶሪ ካልሆነ አይቆጠርም፣ የዚያ ዓይነት ላብራቶሪ ያኔ አፍሪካ ውስጥ አልነበረም። ክብ መንገድ ነው። እንዲህ እንዲህ እያለ ዓመታት አለፉ፣ በመጨረሻ ካናዳ ውስጥ በካናዳዎች ድጋፍ ተመረመረ። ሰውየው በአደባባይ ምሬታቸውን አልደበቁም፦ ከአፍሪካ ላብራቶሪ የወጣ ሳይንስ አስቀድሞ አይታመንም፣ እንቅፋቱ ኬሚስትሪው ብቻ አይደለም ብለው ተናግረዋል።

በ1989 እዚህ ስዊድን "አማራጩ ኖቤል" የሚሉትን ራይት ላይቭሊሁድ ሽልማት ወሰዱ። ብቻቸውን አይደለም፣ ከዶ/ር ለገሠ ወልደዮሐንስ ጋር ነው። ለገሠን ሰው ይረሳቸዋል። እንዶድ ሁሉ አንድ አይደለም፣ አንዱ ዝርያ ኃይለኛ ነው፣ ሌላው ደካማ። ከየቦታው ተሰብስቦ፣ ተተክሎ፣ ተለክቶ "ዓይነት 44" የሚባለው የተለየው በዚያ በእርሻው በኩል በተሠራው ሥራ ነው። ልጅቷ የለገሠንም ስም ብታነሳ ደስ ይለኛል።

ዝም አልልም
እሺ ቁጥሩን ተቀብያለሁ። ግን ጥያቄዬ አልተመለሰም። 50 ወደ 7 ያወረደ ነገር ለምን ቆመ? ሁሉን ነገር በፈረንጅ ማሳበብ ቀላል ነው።

ካቶካትዝ
ጥሩ ጥያቄ ነው፣ ፈረንጅ ብቻ አይደለም።

አንደኛ ፕራዚኳንቴል መጣ። በልጁ ቁመት ለክተህ ክኒን ታውጠዋለህ፣ በአብዛኛው በአንድ ቀን ትሉ ይሞታል። በኋላም ዋጋው ወረደ፣ በእርዳታ በገፍ መጣ። የጤና ቢሮ ኃላፊ ብትሆን ወንዝ ለወንዝ እንዶድ ይዘህ ከመዞርና ትምህርት ቤት ሄደህ ክኒን ከማደል የቱን ትመርጣለህ? ችግሩ ክኒኑ ዛሬ ያለውን ትል ነው የሚገድለው። ልጁ ነገ ከብት ይዞ እዚያው ውሃ ይገባል፣ እዚያው ይያዛል። በመጡ ቁጥር የምናውቃቸው ልጆች ነበሩን፣ ካርዳቸውን ሳናይ ስማቸውን እንጠራቸዋለን።

ሌላው እንዶዱ ራሱ ነው። ውሃ ውስጥ ቶሎ ይበሰብሳል። ለአካባቢው ደግ ነው፣ ለሠራተኛው ግን ደግሞ ደጋግሞ መርጨት ማለት ነው። ዓሣም ይገድላል፤ ሐይቅ ዳር ዓሣ አስጋሪ ባለበት እንዶድ ልርጭ ብትል ይዘህ አትወጣም። ፍሬው ደግሞ ለአንድ ከተማ እንኳን የሚበቃ እንዲሆን እንደ ሰብል መተከል አለበት። ማን ይትከለው? ገበሬው ጤፍ ትቶ?

ስለዚህ ሰውየው ላይ ብቻ አትጫን። አንድ ሳይንቲስት አግኝቶ፣ ሞክሮ፣ አሳይቶ፣ ሠላሳ ዓመት ተሟግቷል። ተክሎ ማልማቱ የመንግሥት ሥራ ነበር።

ዝም አልልም
አሁን ተግባባን። ይኼን መጀመሪያ ብትሉኝ ዝም እል ነበር። (አልልም።)

ቶሌዶ ነዋሪ
ማንም ቶሌዶን አላነሳም እንዴ! ኦሃዮ ነው የምኖረው፣ ኢሪ ሐይቅ አጠገብ። በ1980ዎቹ መጨረሻ ዜብራ መስል የምትባል ጥፍር የምታክል ባለ ሸንተረር ዛጎል ከአውሮፓ በመርከብ ውሃ ገብታ ሐይቆቹን ወረረቻቸው። አንዷ በሌላዋ ላይ እየተጣበቀች የውሃ ማስገቢያ ቱቦ ትደፍናለች። እኔ የምሠራበት ግቢ ውስጥ አሁንም ቱቦ ሲከፈት በአካፋ ነው የሚዛቀው፣ ሽታው አይጣል ነው።

ዶ/ር አክሊሉ በ1990 የክብር ዶክትሬት ሊቀበሉ ቶሌዶ ዩኒቨርሲቲ መጡ። እዚያ ሃሮልድ ሊ ከሚባሉት ባዮሎጂስት ጋር ተገናኙ። ቀንድ አውጣ የሚገድል ዛጎልስ? ብለው ሞከሩት። ሠራ! የክብር ካባ ሊያጠልቅ የመጣ ሰው ላብራቶሪ ገብቶ ወጣ። እንዲህ ዓይነት ሰው ነበሩ። ከዚያ ዩኒቨርሲቲው አሜሪካ ውስጥ የፈጠራ ባለቤትነት መብት (ፓተንት) አወጣበት፣ አክሊሉም ከፈልሳፊዎቹ አንዱ ሆነው ተመዘገቡ።

የአድዋዋ
እና ለአድዋ ሴቶች ምን ደረሳቸው? ዕውቀቱ የማን ነው? እኛ ሰፈር እንዶድ ውሃ ውስጥ ያለ ነገር እንደሚገድል ልጅ ሳይቀር ያውቃል። ወንዝ ላይ ዓሣ ሲንሳፈፍ አይተን ነው ያደግነው።

ነገረፈጅ
እዚህ ጋ እኔ ልግባ፣ እንጀራዬ ነው።

የአድዋዋ፣ ቁጣሽ ተገቢ ነው። ግን ሁለት ነገር ለዪ። ፓተንቱ የተሰጠው እንዶድ የሚባለው ተክል ላይ አይደለም፣ በተክሉ ዛጎሎቹን መቆጣጠሪያው ዘዴ ላይ ነው። እናትሽ ጋቢ ብታጥብ ማንም አይከሳትም። ነገር ግን የኅብረተሰብ ዕውቀት መነሻ ሆኖ፣ መብቱ አሜሪካ ውስጥ ባለ ተቋም እጅ መግባቱ በዘመኑ ዓለም አቀፍ ጭቅጭቅ አስነስቷል፣ እንዶድ በዚህ ክርክር ውስጥ እስከ ዛሬ የሚጠቀስ ምሳሌ ነው።

ያኔ እኛ ሕግ አልነበረንም። የብዝሀ ሕይወት ስምምነቱ የወጣው በ1992 ሪዮ ላይ ነው። የኛ አዋጅ ቁጥር 482 የወጣው በ1998 ዓ.ም.፣ በፈረንጅ 2006። የጄኔቲክ ሀብትና የማኅበረሰብ ዕውቀት ላይ ነው። በዚህ አዋጅ የውጭ ሰው ተክል ወስዶ ሊመራመር ቢፈልግ ፈቃድ ያወጣል፣ ማኅበረሰቡም ከጥቅሙ ድርሻ አለው። ዶ/ር ተወልደብርሃን ገብረእግዚአብሔር በአፍሪካ ስም ለዚህ ዓይነት መብት ሲሟገቱ የኖሩ ሰው ነበሩ፣ ያንኑ የስዊድን ሽልማት በፈረንጅ 2000 ወስደዋል።

እኔ አክሊሉን ለብቻቸው አልወቅስም። የተመዘገበ ስም ባይኖራቸው ኖሮ ሌላ ሰው ይመዘገብ ነበር። ግን ልጅቷ ይኼን ጥያቄ ብታነሳ መምህሯ ትወድላታለች።

አባ ሄለን
ኧረ እግዚአብሔር ይስጥልኝ! እንዲህ ይሆናል ብዬ አላሰብኩም። ትናንት ማታ ሁሉንም አነበብኩላት። ሁለት ጥያቄ ጠየቀችኝ፣ አልመለስኩላትም። አንዱ፦ ካሪኮም ከሃንጋሪ ስትወጣ መኪናቸውን ሸጠው ገንዘቡን የልጇ አሻንጉሊት ድብ ውስጥ ሰፍታ ነው የወጣችው፣ ዶ/ር አክሊሉስ ምን ይዘው ወጡ አለችኝ። ሁለተኛው፦ ስደተኛ ነበሩ ወይስ ሠራተኛ? መምህሯ አይሆንም ብትላትስ?

ጎንደሬው በስቶክሆልም
ሁለተኛው አያሳስባት። ተምረው ተመልሰው፣ ሠርተው፣ እንደገና ወጥተው፣ መጨረሻ ላይ አሜሪካ ሆነው እዚያው በተማሩበት ጆንስ ሆፕኪንስ አስተምረው ነው በ1997 በ61 ዓመታቸው ያረፉት። የብዙ ሐበሻ ሕይወት እንደዚህ ነው፣ ሄዶ መጥቶ ሄዶ። እንዲያውም ከካሪኮ ጋር ታወዳድራቸው። እሷም ብዙ ዓመት ማንም አላመናትም፣ ፔንስልቬኒያ ዩኒቨርሲቲ በ1995 ከደረጃዋ ዝቅ አድርጓታል፣ በ2023 ኖቤል ወሰደች። የሽልማቱን ገንዘብ ለተማረችበት ለሴገድ ዩኒቨርሲቲ ሰጠች። ልዩነቱ የእሷ ነገር የበለጸገው ዓለም ራሱ ሲታመም ተፈለገ። ቢልሃርዚያ ግን ቦስተን ውስጥ የለም።

ቶሌዶ ነዋሪ
ለመጀመሪያው ጥያቄ እኔ መልስ አለኝ፦ እንዶድ ይዘው ነው የወጡት። ቶሌዶ ያለው ዛጎል ምስክሬ ነው።

የአድዋዋ
😄 ይኼ ተመችቶኛል። አባ ሄለን፣ አዲስ አበባ ዘመድ ካለዎት መርካቶ የባህል መድኃኒት ተራ ደረቅ እንዶድ ያገኛሉ። ግን በሻንጣ ይዘው እንዳይገቡ፣ የአሜሪካ ኤርፖርት ዘርና ፍሬ ይቀማል። ፎቶ ይበቃታል። ካገኘችም ክፍል ውስጥ እንዳትወቅጥ፣ ልጆቹ በሙሉ ያስነጥሳሉ።

ካቶካትዝ
እንዳትቀምሰውም። ፍሬውም ሥሩም መርዝ ነው። አገር ቤት ሰው ለማይሆን ነገር ጠጥቶት ሲመጣ አይቻለሁ። ፖስተሯ ላይ በቀይ ትጻፈው።

ሌላው፣ ጋሼ፣ ልጅነትዎ ሐይቅ ወይም ወንዝ ዳር ከሆነ እርስዎም ተመርመሩ። አሜሪካ ያለ ሐኪም ካልነገሩት ቢልሃርዚያን አያስባትም። የመጡበትን ቦታ ይንገሩት፣ የሰገራና የደም ምርመራ ይዘዝልዎት።

አባ ሄለን
ወንጂ ነው ያደግኩት። ሸንኮራው ቦይ ውስጥ ነበር የምንዋኘው።

ካቶካትዝ
ወንጂ!? ነገ ለሐኪምዎ ይደውሉ።

ነገረፈጅ
አንድ የቀረች ነገር፣ ልጅቷ ስለ ፓተንቱ ከተጠየቀች፦ ጊዜው አልፏል። አሁን ማንም ሊጠቀምበት ይችላል፣ አድዋም ሆነ ቶሌዶ።

ዝም አልልም
ታዲያ ማን መጠቀም ጀመረ?

ነገረፈጅ
እሱን የሚመልስ ሌላ ክር ክፈት፣ እኔ ፍርድ ቤት አለኝ።